ፈረስ የሌለው ኮርቻ

ቀዘፋዬን ተውኩ፤ ጀልባዋ ራሷ ቆመች፣
ከጭጋጉ ማዶ የሳን ሮኮ ደወል ሁለቴ ጮኸች።
«እዚህ ነው» አልኳት ዴልፊናን፣ «ጥልቁ እዚህ ነው፤
አባቴ ዓሣ ብሎ የጣለውን መረብ
ባዶውን የጎተተው።»

መልስ አልሰጠችኝም። ረጅሙን ቱቦ በገመድ
ቀስ እያለች፣ እንቅልፋም ሕፃን እንደምታስተኛ፣
ሰደደችው ወደ ሐይቁ ሆድ።

ሲወጣ ጭቃው በመስተዋቱ ታየ፤
ከላይ ቡናማው፣ የእኛ የዛሬ፤
ከሥሩ ቀጭን ነጭ መስመር፣
ውሃው እንዲሽር በጀልባ ተጭኖ
ኖራ የተነዛበት ክረምት፤
ከዚያ በታች ጥቁር፣ አንድ ስንዝር ሙሉ ጥቁር፣
የመዳብና የአሞኒያ፣ የፋብሪካው ስልሳ ዓመት።

አክስቴ ኤርሲሊያ እዚያ ጥቁር ውስጥ አለች።
አርባ ዓመት ሐር ፈተለች፣ ትል ያላየውን ሐር፣
ከጥጥ ብናኝና ከመዳብ ውሃ የሚወለድ፣
ለሚላኖ ሙሽሮች ካልሲ።
ቅዳሜ ማታ እጇን ስትታጠብ
ከጥፍሯ ሥር ሰማያዊው አይለቅም ነበር።
«ሐይቁም እንደኔ ነው» ትል ነበር፣
«ሲያዩት ያምራል።»
እንግዶች መጥተው ፎቶ ያነሡት ነበር፤
እንዴት ንጹሕ ነው! ይሉ ነበር።
ንጹሕማ ነው።
ሰው የለቀቀው ቤትም ንጹሕ ነው።

ዴልፊና ጭቃውን በወንፊት አጠበችና
ከጥቁሩ ወለል፣ መዳቡ ከጀመረበት ድንበር፣
በመርፌ ጫፍ አንዲት ነጥብ አነሣች።
አጉሊ መነጽሩን ሰጠችኝ።
ኮርቻ!
የውሃ ቁንጫ ኮርቻ፣
ፈረሱ የለ፣ ጋላቢው የለ፤
በውስጡ ሁለት እንቁላል ብቻ።

«እናትየዋ» አለችኝ «በደህና ቀን ወንድ አታውቅም፤
ራሷን የመሰለች ሴት፣ ሴት ከሴት ትወልዳለች።
ውሃው ሲመር፣ ቀን ሲጎድል ግን
ወንድ ትወልዳለች፤ ጋብቻ ይመጣል፤
ሁለቱን በጀርባዋ ቋጥራ
ኮርቻዋን ፈትታ ትጥላለች።»
«ለክፉ ቀን ነዋ» አልኩ።
«ለክፉ ቀን» አለች፤ «ከአንተም ትበልጣለች በዕድሜ።»

መርዝ በሩን መታ፣ አልተከፈተለት፤
ነግቶ ቢያንኳኳ፣ ደግሞም ውድቅት ሌት፣
አቤት ባይ አጣ እንጂ ሰውስ ነበር ከቤት።
ሳትበላ ሳትጠጣ፣ ሳታረጅ ሳታድግ፣
ሳትሸሽ፣ ሳትዋጋ፣ ደግሞም ሳታፈገፍግ፤
ፋብሪካው ሲያፏጭ፣ ፈረቃ ሲለወጥ፣
ሊሬው ሞቶ ዩሮ ኪሳችን ሲቀመጥ፣
አልሰማችም።

ዴልፊና የድሮውን ልብስ ማጠቢያ ቤት ተከራይታ
ሁለት ሳህን ደረደረች ከመብራት ሥር።
በግራው ንጹሕ ውሃ፤
በቀኙ በአክስቴ ዘመን የነበረው፣
መዳቡን በጠብታ መዝና የጨመረችው።
በየማለዳው እየሄድኩ አያለሁ፤ ሥራ የለኝም።

በአምስተኛው ቀን ተፈለፈሉ።
በግራም፣ በቀኝም፤ እኩል!
ልባቸው ሲመታ በዓይኔ አየሁት፣
ከአሸዋ ቅንጣት ባነሰ ገላ ውስጥ፣
እንደ ቸኮለ ሰው።
ሳቅሁ፤ ዴልፊናን አቀፍኳት፤
«መዳቡ ተሸነፈ» አልኳት።
«ቆይ፣ ኦታቪዮ» አለችኝ።

ማታ ላይ የግራዎቹ ይዋኛሉ።
የቀኞቹ ከሳህኑ ወለል ወርደዋል፤
ከቅርፊቱ ግማሽ ወጥታ የቀረች አለች።
ዕድሜ ልኳን በተዘጋ በር ያልደፈራት
ስትከፍትለት ከደጃፉ ቆሞ ነበር።

ኤርሲሊያ ትዝ አለችኝ።
አርባ ዓመት አንድ ቀን ሳትስል፣
ፋብሪካው ተዘግቶ ጡረታዋ በወጣ በሁለተኛው ወር
ሳል ጀመራት።

የግራዎቹ አድገዋል ይሉኛል፤ ወልደዋልም፣
ሴት ከሴት፤ ቀኑ ደህና ነውና።
እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መልሕቅ አልጥልም።
ጀልባዋ እንደ ነፋሱ ትሂድ።
ልጆች ከዳር ሆነው ድንጋይ ሲወረውሩ
እጄን ከአፌ ላይ አደርጋለሁ፤
ቀስ በሉ፣
ጎረቤት ተኝቷል።